የምርምር ዘዴን የት እንማር? ማስተርስ፣ አጭር ሥልጠና፣ ኦንላይን ወይስ ሥራ ላይ

ጥያቄ ቁጥር 7 እንዲህ ትላለች፦ «መድኃኒትዎን በሰዓቱና ሳያቋርጡ ይወስዳሉ?» ምርጫው «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነው። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ስጽፋት ሦስት የምርምር ዘዴ ሰርተፊኬት ነበረኝ።

መጠይቁ ተባዝቶ 180 ሰው ከሞላው በኋላ መረጃ ስትሰበስብ የነበረች ባልደረባዬ መጣች። «አንዲት እናት ‹ሰዓቱን እንኳ አልጠብቅም፣ ግን አንድም ቀን አቋርጬ አላውቅም› አሉኝ። የቱ ጋ ነው ምልክት የማደርገው?» አለችኝ። «እስካሁን እንዲህ ሲያጋጥምሽ የት ጋ ነበር የምታደርጊው?» አልኳት። «አዎ ላይ» አለች። ሁለተኛው መረጃ ሰብሳቢ ደግሞ ለካ «አይ» ላይ ሲያደርግ ከርሟል። የጥያቄ 7 መልስ በሙሉ ገደል ገባ።

ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ማጨቅ ስህተት መሆኑን ሦስቱም ኮርሶች አስተምረውኛል። ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሻለሁ። የጎደለኝ፣ መጠይቁ ከመባዛቱ በፊት 10 ደቂቃ ወስዶ አንብቦ «ይቺማ ሁለት ጥያቄ ናት» የሚለኝ ሰው ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የመማሪያ መንገዶችን ሳነጻጽር ከክፍያውም ከጊዜውም በፊት የማየው አንድ ነገር ነው፦ የሠራሁትን ማን አይቶ ያርምልኛል?

ለመሆኑ ምን ልታደርጉበት ነው?

«ሪሰርች መማር እፈልጋለሁ» የሚሉ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር ሊፈልጉ ይችላሉ። አንዷ ነርስ ናት፤ አዲስ የቁስል አያያዝ መመሪያ ተሰጥቷት «ይሄ በምን ማስረጃ ነው?» ብላ ማንበብ ትፈልጋለች። ሌላው የአረጋውያን እንክብካቤ አስተባባሪ ነው፤ ባለፉት ስድስት ወራት የመውደቅ አደጋ መቀነስ አለመቀነሱን ማወቅ ይፈልጋል። ሦስተኛዋ ሶሻል ዎርከር ናት፤ ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ አጥንታ ማሳተም ትፈልጋለች።

እንደኔ ግምት አብዛኞቻችን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነን። ኮርሶቹ ግን የሚዘጋጁት ለሦስተኛዋ ነው። አስተባባሪው ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሎጅስቲክ ሪግሬሽን (ከበድ ያለ የስታቲስቲክስ ስሌት ነው) ሲሰማ ውሎ ሲመለስ፣ 30 የታካሚ ካርድ እንዴት እንደሚመርጥ እንኳ ያወቀው ነገር የለም። ከዚያ «ሪሰርች ለእኔ አይደለም» ይላል። ያልሆነው ግን ኮርሱ ነው።

ማንበብ ብቻውን ደግሞ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ለብዙ ዓመታት ከማረጥ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች ሲጠኑ የልብ ሕመማቸው ከማይወስዱት አንሶ ይታይ ነበር። ሐኪሞችም ለልብ ይጠቅማል ብለው ማዘዝ ያዙ። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በዕጣ ተመድበው፣ ገሚሶቹ የኢስትሮጅንና የፕሮጀስቲን ጥምር፣ ገሚሶቹ ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2002 ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ። ልብ ይጠብቃል የተባለው መድኃኒት አልጠበቀም፤ እንዲያውም በሚወስዱት ላይ የልብ ሕመምም የጡት ካንሰርም በዝቶ ተገኘ። ቀድሞ የተሠሩት ጥናቶች ለምን ተሳሳቱ ለሚለው ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ቀላል ነው፦ ድሮውንም ሆርሞን ለመውሰድ የሚመርጡት ሴቶች በኑሮም በጤናም የተሻሉ ነበሩ። «መድኃኒቱን ማን መረጠው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ስንት ታሪክ ትቀይራለች። ይህችን ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ ደግሞ በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይመጣም። ጽሑፍ እየመረጡ፣ ከሰው ጋር እየተከራከሩ፣ ወራት እየቆጠሩ ነው የሚመጣው።

ማስተርስና የዩኒቨርሲቲ ኮርስ

ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ግዴታ ነው። ፕሮፖዛል መጻፍ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት መቅረብ፣ ጥናትን ፈታኞች ፊት መከላከል፣ አስተያየት ተቀብሎ ማረም። ብቻችሁን ብትሆኑ ከእነዚህ ግማሹን ትዘሉት ነበር። በወጉ የሚያነብ አማካሪ ከገጠማችሁ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። «ከገጠማችሁ» የምትለዋን አስምሩባት። ሁለት ወር አስቀምጦ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ብሎ የሚመልስ አማካሪ እና በየገጹ ቀይ የሚያፈስ አማካሪ በአንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠይቁ። ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች አንዱን አግኝታችሁ «ረቂቅህ በስንት ቀን ይመለስልህ ነበር?» በሉት። ከብሮሹሩ ይልቅ ይሄ ይነግራችኋል።

የዩኒቨርሲቲው ሌላ ችግር ነገሮች ቅርጽ እየያዙ መሄዳቸው ነው። የ384ን ነገር ተመልከቱ፤ የናሙና መጠን ናት፣ ጥናቱ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ብዛት። ስንት ቲሲስ ላይ እንዳየኋት መቁጠር አቁሜያለሁ። 10 በመቶ ለማይመልሱ ሲጨመርባት 422 ወይም 423 ትሆናለች። ቁጥሯ የምትመጣው ከቀላል ስሌት ነው፦ 1.96ን በራሱ፣ ከዚያ በ0.5፣ አሁንም በ0.5 አባዙት፤ ውጤቱን 0.05 በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው አካፍሉት። 384.16 ይመጣል። ይህ የሚሠራው አንድን መቶኛ ለመገመት ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ «ምን ያህሉ ታካሚ መድኃኒቱን ያቋርጣል?» ለሚል ጥያቄ፣ ብዙ ሕዝብ ካለበት ቦታ ሰው በቀላል ዕጣ ሲመረጥ፣ 95 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃና 5 በመቶ የስህተት ህዳግ ሲበቃችሁ። ሁለት ቡድን ልታወዳድሩ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። ሰውን በቀጥታ ሳይሆን መጀመሪያ ተቋማትን በዕጣ መርጣችሁ ከሆነ 384 አይበቃም። በአጠቃላይ ያሏችሁ ታካሚዎች 120 ከሆኑ ደግሞ ቁጥሯ ጭራሽ ቀልድ ናት። ማስተርስ ገብታችሁ ይህችን ቁጥር ገልብጣችሁ ብቻ ከወጣችሁ ሁለት ዓመታችሁ ያሳዝናል። «ለምን 384?» የሚል አማካሪ ከገጠማችሁ ግን ገንዘባችሁ አልባከነም።

አጭር ሥልጠና

ከ3 እስከ 5 ቀን። ጠዋት መመዝገቢያ፣ ቅድመ ፈተና፣ ስላይድ፣ የቡድን ሥራ፣ ድኅረ ፈተና፣ ሰርተፊኬት፣ የጋራ ፎቶ። አላግባብ እየቀለድኩ አይደለም፤ እኔም በፎቶዎቹ ውስጥ አለሁ። ችግሩ የጊዜው ማጠር እንዳይመስላችሁ። በሌላ ሰው ምሳሌ መማራችን ነው። በቡድን ሥራው ላይ የፈለሰፍነው ፕሮፖዛል ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ ይቀራል።

ጥሩው ዓይነት ሥልጠናም አለ። ምልክቱ አንድ ነው፦ የራሳችሁን ጥያቄ ወይም ረቂቅ መጠይቅ ይዛችሁ እንድትመጡ ያዝዛችኋል። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ሠልጣኝ የሌላውን ያነባል። በመጨረሻው ቀን የተሠረዘ፣ የተደለዘ፣ የተሻለ ወረቀት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከወር በኋላ «የት ደረሳችሁ?» የሚል ክትትል ካለው ደግሞ ሳታመነቱ ግቡ።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር አይምታታባችሁ። ኤስፒኤስኤስ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው፤ «የኤስፒኤስኤስ ሥልጠና» የምርምር ዘዴ ሥልጠና አይደለም። የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ፤ ለምን እንደምትጫኑት ግን አታውቁም። በሶፍትዌር ጉዳይ አትጨነቁ። ለኦዲት (ሥራችሁ በተቀመጠለት መለኪያ መሠረት መሠራቱን ለመቁጠር) እና ለአነስተኛ መጠይቅ ኤክሴል ይበቃል። አር የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ኤስፒኤስኤስና ስታታ ይከፈልባቸዋል። የጥያቄ 7ን ጥፋት ግን አንዳቸውም አያስተካክሉም።

ኦንላይን

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወይ ያጣጥላል ወይ ያመልካል። ለእኔ ኦንላይን እንደ ትምህርቱ ዓይነት ይለያያል። ስታቲስቲክስ በኦንላይን በጣም ይሄዳል። መምህሩ ስለ ስታንዳርድ ኤረር ሲያወራ ካልገባችሁ መልሳችሁ ትሰሙታላችሁ። ሦስቴ፣ አራቴ። ክፍል ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ እጅ የሚያወጣ ማን አለ? አብዛኞቹ ኮርሶች በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ቪዲዮውን ቀስ አድርጎ ማጫወትና የንግግሩን ጽሑፍ አብሮ መከተል ግማሹን ችግር ያቀልላል። ትላልቆቹ መድረኮች ላይ ሰርተፊኬቱ ይቅርብን ካላችሁ በነጻ የምትከታተሉት ትምህርት ብዙ ነው።

ቃለ መጠይቅ ማድረግ ግን በቪዲዮ አይማሩትም። ምክንያቱን ላሳያችሁ። አንድ አዛውንት ለቤት ለቤት ክትትል ቀጠሮ ተይዞላቸው ተደጋግሞ አልተገኙም እንበል። «ለምን አልተገኙም?» ስትሏቸው «ረስቼ ነው» ይሏችኋል። አለቀ። ጥያቄውን ቀይሩት፦ «ያለፈው የቀጠሮ ቀን ጠዋት ከእንቅልፍ ከተነሱ ጀምሮ ምን እንዳደረጉ እስቲ ይንገሩኝ።» አሁን ወሬው ይመጣል። የምታግዛቸው ልጅ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። ብቻቸውን በር መክፈት ይከብዳቸዋል። ባለፈው ወር ወደ በሩ ሲሄዱ ወድቀዋል፤ ለማንም አልተናገሩም፤ ከተናገሩ ከቤታቸው እንዳያስወጧቸው ፈርተዋል። ይሄ ሁሉ የሚወጣው እናንተ ዝም ስትሉ ነው። የአምስት ሰከንድ ዝምታ ውስጥ ሳይዘሉ መግባት ደግሞ ልምምድ ነው። ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ፣ ቅጂውን አብሯችሁ ሰምቶ፣ «እዚህ ጋ አቋረጥሻቸው» ማለት አለበት።

ስለዚህ ኦንላይን ለቁጥሩ፣ ሰው ለወሬው። የኦንላይኑ ፈተና ራሱን በራሱ የሚያርም ስለሆነ ከጥያቄ 7 ዓይነት ጥፋት አያድናችሁም። ተማሪዎች እርስ በርስ የሚተራረሙበት ክፍል ያለውን ምረጡ፤ ጥራቱ ቢለያይም ከምንም ይሻላል።

መጽሐፍ ብቻውን? ለማጣቀሻ ይሁን። ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ተመራማሪ የሆነ ሰው አላጋጠመኝም።

ሥራ ላይ መማር

እዚህ ላይ አዳላለሁ፤ አስቀድሜ ልናገር።

ከሁሉ የተናቀው የመማሪያ መንገድ በገዛ ክፍላችሁ የሚሠራ ትንሽ ኦዲት ነው። አንድ መለኪያ ትይዛላችሁ፤ ለምሳሌ «ማንኛውም አረጋዊ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ የመውደቅ አደጋ ግምገማ ይደረግለታል።» 30 ካርድ ታወጣላችሁ። ቆጥሮ መጨረስ የግማሽ ቀን ሥራ ይመስላል። ከዚያ ጥያቄዎቹ ይጀምራሉ። 24 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከበር ነው ከአልጋ? ሰዓት ያልተጻፈበት ካርድ «አልተደረገም» ነው ወይስ «አይታወቅም»? ከመደርደሪያው ላይ ያሉትን 30 ብወስድስ? የላይኞቹ ሁሉ የዚህ ሳምንት ናቸው፤ ቅዳሜና እሁድ የገቡት የታሉ? ሳታስቡት የተለዋዋጭ ትርጓሜን፣ የጎደለ መረጃን እና የናሙና አወሳሰድን ተማራችሁ። ስሙን በኋላ ከመጽሐፍ ትወስዱታላችሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ትቀይራላችሁ፤ ቅጹን ከመግቢያ ካርዱ ጋር ትሰፉታላችሁ እንበል። ከወር በኋላ እንደገና ትቆጥራላችሁ። ማቀድ፣ መሥራት፣ ማጥናት፣ ማስተካከል የሚባለው ዑደት ይኸው ነው። ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ክፍሉ መጥፎ ልማድ ካለው ልማዱን ትወርሳላችሁ። ውጤቱ የእናንተ ክፍል ውጤት ነው፤ ለሌላው አይተርፍም። ቁጥሩ ቢሻሻል እንኳ ያሻሻለው ቅጹ ይሁን አዲሷ ኃላፊ በእርግጠኝነት መናገር አትችሉም።

ሁለተኛው መንገድ ጆርናል ክለብ ነው። በወር አንድ ጽሑፍ፣ አራት ሰው፣ አንድ ሰዓት። ማጠቃለያውን ትታችሁ ከዘዴው ክፍል ጀምሩ። እነማን ተካተቱ፣ እነማን ቀሩ፣ ከጥናቱ ያቋረጡት የት ገቡ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው ሂናሪ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ላሉ ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይከፍታል፤ ተቋማችሁ መመዝገብ አለመመዝገቡን አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው፣ የጤና ጥናቶችን ዳሰሳ የሚያዘጋጀው ኮክሬን ደግሞ የዳሰሳዎቹን ማጠቃለያ በቀላል ቋንቋ ያወጣል፤ ለጀማሪ ክለብ ምቹ ነው።

ሦስተኛው፣ በሌላ ሰው ጥናት ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ መግባት። ብዙዎች ይንቁታል። መጠይቅ መጻፍ የምትማሩት ግን የሰው መጠይቅ አፋችሁ ላይ ሲሰበር ነው። ባልደረባዬ የጥያቄ 7ን ጉድ ያየችው እኔ ቢሮ ተቀምጬ እሷ ሰው ፊት ስለነበረች ነው።

በቁጥር ልጀምር ወይስ በቃለ መጠይቅ?

ጥያቄያችሁ ራሷ ትነግራችኋለች። «ስንት?» «ማን ላይ ይበዛል?» «ቀንሷል?» የምትል ከሆነች መጠናዊ ናት። «ለምን?» «እንዴት ያዩታል?» የምትል ከሆነች አይነታዊ ናት። በማኅበራዊ እንክብካቤ በኩል ያላችሁ ብዙዎቻችሁ «እኔ ቁጥር አልወድም» ብላችሁ ወደ ቃለ መጠይቅ ትሸሻላችሁ። መጠለያ መሆኑ ግን ያጠራጥራል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሊበላ ይችላል። ከዚያ ማንበብ፣ ኮድ መስጠት፣ ጭብጥ ማውጣት፣ ጭብጡን ማፍረስ፣ እንደገና ማውጣት። በ12 ቃለ መጠይቅ ጀምራችሁ 200 ገጽ ታቅፋችሁ ትቀመጣላችሁ።

ቁጥርንና ቃለ መጠይቅን የሚያጣምረውን ቅይጥ ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩት። ሁለቱንም በግማሽ ትሠሩና አንዱም አይረባም። በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ስልታዊ ዳሰሳም «መስክ መውጣት የለበትም» ተብሎ የሚመረጥ ቀላል ሥራ አይደለም። ጽሑፎቹን ሁለት ሰው ለየብቻ መርጦ ማስተያየት አለበት፤ ከአንድ ዓመት በላይ መውሰዱም የተለመደ ነው።

ስለ ሥነ ምግባር

ኮርስ ስትመርጡ ይህ ርዕስ የት እንደተቀመጠ እዩ። በአጭር ሥልጠናዎች ላይ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ቀን የመጨረሻ ሰዓት ላይ ነው፤ ሰው ቦርሳውን ሲያነሳ። አሜሪካ ቱስኪጊ ውስጥ ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶች ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በጥናት ስም፣ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚፈውስ ከታወቀ በኋላም ሳይታከሙ ዝም ብለው ይታዩ ነበር። በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምርን ሥነ ምግባር የሚያስቀምጠው የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣ በኋላ እንኳ ጥናቱ ስምንት ዓመት ቀጥሏል።

ለእኛ ያለው ፈተና ከዚያ የረቀቀ ነው። አገልግሎት የምትሰጡት እናንተ፣ «ጥናቱ ላይ ይሳተፋሉ?» የምትሉትም እናንተ። ሰውየው «እምቢ ብል ነገ ማን ያየኛል?» ብሎ እሺ ይላል። ፊርማው አለ፤ ፈቃዱ የለም። የሚሻለው አገልግሎቱን የማይሰጥ ሰው እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ይህን የሚያወያይ ኮርስ ባለሙያን ያውቃል። ኦዲት ነው ብላችሁ የምትሠሩትም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ተቋማችሁን ጠይቁ።

እና የቱን ልምረጥ?

ማንበብ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ጆርናል ክለብ እና ስለ ጥናት ዓይነቶች የሚያስተምር አንድ የኦንላይን ኮርስ በቂ ነው። ማስተርስ አያስፈልጋችሁም።

የክፍላችሁን ሥራ ማሻሻል ከሆነ፣ ዛሬ ኦዲት ጀምሩ። ሲያደናቅፋችሁ የራስን ረቂቅ ይዞ የሚመጣበትን አጭር ሥልጠና ፈልጉ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን። ብዙዎች ሥልጠናውን ያስቀድሙና ወደ ኦዲቱ ሳይደርሱ ይቀራሉ።

የራሳችሁን ጥናት ማሳተም ከሆነ፣ ማስተርስ ወይም በጥናት ቡድን ውስጥ ሁለት ዓመት። ማስተርሱን የምትመርጡት አማካሪውን አይታችሁ ነው። የጥናት ቡድኑን የምትመርጡት ረቂቅ ሲያነቡ እርስ በርስ የሚጣሉ ሰዎች መሆናቸውን አይታችሁ ነው።

በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ያላችሁስ? አንዱን ሰዓት ስታቲስቲክስ እዩበት። ሁለተኛውን ለአንድ ባልደረባችሁ ስጡት፤ የእሱን መጠይቅ አንብቡለት፣ የእናንተን ያንብብላችሁ። ከዚያ አምስት ሰው ላይ ሞክሩት። እኔ ጥያቄ 7ን ለሁለት ከፍዬ እንደገና ስሞክራት ሦስተኛው ሰውዬ «በሰዓቱ ማለት በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። አሁን እሷን እያስተካከልኩ ነው።